ወደ ኋላ የማትሄደው ፒካፕ

አጎቴ የሚያምነው ሁለት ነገር ነው፤ እግዜርንና ፒካፑን። እግዜርን እንኳ አንዳንዴ ያማርርበታል፤ ፒካፗን ግን አንድ ቀን ክፉ ሲናገራት ሰምቼ አላውቅም። "እሷ አሳፍራኝ አታውቅም" ይላል። ያሳፈረችው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ሽማግሌ ልልክ በተነሳሁበት ጠዋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬዋ ባለቤቴ የቴፒ ልጅ ናት። አባቷ ቡናና ማር የሚነግዱ፣ ቃላቸውን ከሰጡ የማያጥፉ ሰው ናቸው። ማሻ ከተማ ላይ ልጃቸውን የጠየቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ እሷ ደግሞ የሚዛን ከተማውን ልጅ፣ እኔን፣ ነው የምፈልገው ብላ ቤቱን አመሰችው። በመጨረሻ አባት "እሺ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሽማግሌ ይላክ። ካልመጡ ከምሳ በኋላ ማሻ ወጥቼ ቃሌን ለነዚያ እሰጣለሁ" አሉ። በዚህ ዘመን ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ ትዳራለች ወይ ትሉኝ ይሆናል። አትዳርም። ግን የአባቷን ቃል ያፈረሰች ልጅ አባቷን ታጣለች፤ እሷ ደግሞ አባቷን ትወዳለች።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አጎቴ፣ ሰፈራችን ሱቅ ያላቸው ከጅማ የመጡ ሀጂ፣ እና ጡረታ የወጡ አንድ የፊዚክስ መምህር። አጎቴ አርብ አመሻሽ ላይ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ደንብ አወጣ። ሽማግሌ የጫነ መኪና ሲነሳ ወደ ኋላ ማለት የለበትም፤ መኪናው ወደ ኋላ ካለ ነገሩም ወደ ኋላ ይላል። ስለዚህ ፒካፗን አዙሮ፣ ፊቷን ወደ ቴፒ መንገድ አደረገና፣ ጀርባዋን ከቤታችን ጎን ካለው የቡና መፈልፈያ አጠገብ ከተከመረው ገለባ ጋር እስክትገጥም ድረስ አስጠግቶ አቆማት። ሌሊቱን እንደ ሚዛን ልማድ ሲዘንብ አደረ።

ጠዋት ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ተሳፈሩ። አጎቴ አማተበና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ እህ፣ እህ አለና ዝም። ደገመው። እህ፣ እህ፣ ዝም።

ሚዛን ላይ የመኪና ኮፈን ከፍተህ ቁም፤ ከተማው ስንት መካኒክ እንዳለው ያኔ ታውቃለህ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን መንገድ መሀል ትቶ መጣና "ካንዴላ ነው" አለ። ሙዝ የጫነ ሰውዬ "ባትሪ ነው" አለ። ተከራከሩ። ካንዴላው ተፈታ፣ ተጠረገ፣ ተመለሰ። ባትሪው ከሌላ መኪና ጋር ተያያዘ። መምህሩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጋቢናው ወረዱና "ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ አየር፣ ነዳጅና እሳት" ብለው ማስተማር ጀመሩ። ሦስቱም እንዳሉ ተረጋገጠ። መኪናዋ ግን ትምህርቱ አልገባትም።

አንዲት ጎረቤታችን "የሰው ዓይን ነው" አለች። እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ሰዓት ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነበር።

"ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር በሚኒባስ ሂዱ!" አልኩት አጎቴን።

"ሽማግሌ ከዶሮ ጋር ተጭኖ ሄዶ ልጅ ይጠይቃል? አንተ ልጅ ልታዋርደኝ ነው?"

"እንግዲያው ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገን..."

"ወደ ኋላ አትበልብኝ!"

እርር ድብን አልኩ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጥታለች፣ የምሳ ሰዓት እያለፈ ነው፣ ሽማግሌዎቼ በየተራ ኮፈን ውስጥ ያጎነብሳሉ። ተስፋ ቆርጬ ለልጅቷ ደወልኩላት።

"አባባ ማሻ ሄዱ?"

"አልሄደም።"

"እንዴት?"

"መኪናው አልነሳ አለው" አለች።

"በዚህ ሰዓት ታሾፊብኛለሽ?" ብዬ ጮህኩባት። ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ እፍረቴን ሁሉ ጥዬ ሽማግሌዎቼን መኪና አስገፋኋቸው። ከኋላ ገለባው ስላላስጠጋን በየጎኑ ይዘን ወደ ፊት፣ ወደ ቁልቁለቱ አወጣናት። ቁልቁለቱ ላይ ሀጂ ከኋላ ሆነው መግፋት ጀመሩ። አጎቴ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አንድ ነገር ቷ! አለና መኪናዋ ተነሳች። ሀጂ ግን ቆመው ቀሩ። ከጭስ ማውጫው የተተኮሰ እርጥብ የቡና ገለባ ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው ለጥፎባቸዋል። ለካ አጎቴ ወደ ኋላ ላለማለት ብሎ ወደ ኋላ ሲያስጠጋ ጭስ ማውጫውን ገለባው ውስጥ ወትፎት ኖሯል። የገባው አየር መውጣትም እንዳለበት መምህሩ አልነገሩንም ነበር።

"ኧረ ልብስ ቀይሩ ሀጂ!" ስላቸው "ሰዓት የለም፣ ንዳ!" አሉ አጎቴን። እንዲህ ያለ ሰው አላህ ይባርከው።

እጩ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ግን ሄድኩ፤ አጎቴ ሞተሩን ማጥፋት ስለፈራ፣ እነሱ ሲለምኑ ነዳጁን እየረገጠ የሚቆይ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቴፒ ስንደርስ የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ከአባቷ ግቢ ፊት ለፊት መሪው ሥር አጎንብሼ፣ እንደ ሌባ አሻግሬ አየሁ። እውነትም መኪናቸው ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፣ እሳቸውም ለመንገድ እንደለበሱ አጠገቡ ቆመዋል። ሽማግሌዎቼ ሰላምታም ሳይጨርሱ ቀጥ ብለው ወደ መኪናው ኋላ ሄዱና ሦስቱም ተንበርክከው ጭስ ማውጫውን አዩ።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?" አሉ አባቷ።

አጎቴ ቀና ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሀጂ ደረታቸውን አሳዩ። "የእኛን ለቀቃት፣ የእርስዎን ያዘው። ይሄ የእግዜር ሥራ ካልሆነ ምን ይባላል?" አለ አጎቴ። አባቷ የሀጂን ልብስ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና "እንግዲህ እሱ ከያዘኝ ምን እላለሁ፣ ግቡ" አሉ።

እነሱ ገብተው ሲነጋገሩ እሷ ከጓሮ ወጣች። የአባቷ መኪና ኮፈን ውስጥ አጎነበሰች፣ ቀና አለች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወዳለሁበት አየት አድርጋ ተመልሳ ገባች። ልጅቷ ለመኪና እንዲህ ፍቅር አላት እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ሽማግሌዎቹ እሺታውን ይዘው፣ ተመርቀው ሲወጡ አባቷ እስቲ ብለው ቁልፉን አዞሩ። በአንዴ ተነሳ። አጎቴ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ አባቷም አማተቡ።

ከሠርጉ በኋላ ዕቃ ስናደራጅ ከማንኪያዎቿ መሀል አንዲት ትንሽ የብሎን መፍቻ አገኘሁ።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

ተቀብላኝ ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ለካ ሽማግሌ በላኩበት ጠዋት አባቷ ቁርስ ሲበሉ የመኪናቸውን የባትሪ ገመድ በሷ አላልታ፣ የተያያዘ አስመስላ ትታው ኖሯል።

"ያንተዎቹ ቢዘገዩብኝስ ብዬ ነው" አለች። "ይቺ የእኔ ሽማግሌ ናት።"