ቀለም ብቻ ነው የቀረው

ከወር ተኩል በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለመጣላት አስቤ ከቤት ወጣሁ። የምናገረውን ሁሉ ባጃጅ ውስጥ እየተለማመድኩ ነበር... ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ «ሰላም ነው እህቴ?» ብሎኛል።

የምጣላው ከአናጢዬ ጋር ነው። አባ ፎጊ ይባላሉ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ጀርባ ትንሽ እንጨት ቤት አላቸው። የእናቴን ቁም ሳጥን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ በሩ አልላላም። እኔም አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ አዘዝኳቸው። በደወልኩ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው። «አልቋል ልጄ፣ ቀለም ብቻ ነው የቀረው።»

ሦስት ወር ሙሉ ቀለም ብቻ...

የሚያናድዱኝ ቃላት ብዙ ናቸው። አልጋው ውስጥ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ሰው አለ። መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይሉኛል። ይቺ የአናጢ ቃል ግን ከሁሉም ትብሳለች። ተስፋ ሰጥታ ነው የምታቃጥለው።

ጠረጴዛውን የፈለግኩት ለጌጥ አይደለም። አስተማሪ ነኝ፤ ማስተርሴን በቅዳሜና እሁድ ተምሬ የመመረቂያ ጽሑፉ ቀረኝ። ጊዜው ሁለቴ ተራዝሞልኛል፣ ሦስተኛ የለም። በአንድ ወር ውስጥ ረቂቁን ካላስገባሁ የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጠረጴዛ ቢኖረኝማ እጽፍ ነበር» እላለሁ።

ደረስኩ። አባ ፎጊ በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ከኋላቸው ጣውላዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል... ሙሉ ጣውላ፣ መጋዝ ያልነካው። አንዱ ላይ ስሜ ተጽፏል።

«አባ ፎጊ... ይሄ ነው ቀለም ብቻ የቀረው?»

«ግቢ ኢንተላ ኮ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሰው ሲያባብሉ ኦሮምኛ ይቀናቸዋል።

«አልቀመጥም» ብዬ ልጀምር ስል ስልኬ ጠራ። አማካሪዬ ናቸው። አፌ እንዴት እንደፈጠነ እኔም አላውቅም።

«አቤት ዶክተር... አልቋል እኮ! ማስተካከል ብቻ ነው የቀረኝ።»

ስልኩን ስዘጋ አባ ፎጊ እያዩኝ ነው።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«የመመረቂያ ጽሑፌ።»

«ስንት ገጽ ሆነ?»

እሳቸው ፊት መዋሸት አቃተኝ። «ርዕሱና ምስጋናው...»

«ምስጋናው?»

«ምስጋናው ሁለት ገጽ ነው።»

እውነቴን ነው። ባሌን፣ እናቴን፣ የሥራ ባልደረቦቼን በሙሉ አመስግኜ ጨርሻለሁ። ምን ስለረዱኝ እንደሆነ እንጃ።

የአባ ፎጊ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም አልቻልኩም። ልጣላ የመጣሁት ሴትዮ ሰጋቱራው ላይ ዘጭ ብዬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀረ።

«ፈርቼ ነው» አልኳቸው። «ከጻፍኩት የማልረባ መሆኔ ይታወቃል።»

ወደ ጣውላዎቹ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «የእርሳሱ መስመር አይታየኝም። ለልጆቼም አልተናገርኩም። ዋንዛ አንዴ አጥፍተሽ ከቆረጥሽው አለቀ። ጠዋት ጠዋት መጋዙን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ... አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለሰው ሁሉ ቀለም ብቻ ነው የቀረው እላለሁ።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በሉት። መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር እጄ ላይ ጠመኔ ወጣ። የአስተማሪ ቦርሳ መቼም ከጠመኔ አይጸዳም። ሰማያዊ ነው።

«ይሄስ ይታይዎታል?» ብዬ ጣውላው ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ።

ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ። «ወፍራም ነው» አሉ ጠርዙን በጣታቸው እየነኩ። «ግን ይታያል። በዚህኛው በኩል ከሄድኩ ይሆናል።»

እሳቸው ልኩን ነገሩኝ፣ እኔ አሰመርኩ። «ቢስሚላህ» ብለው መጋዙን አነሱ። ጣውላው ለሁለት ሲከፈል የተቆረጠውን ጠርዝ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ዳሰሱት። ቀጥ ያለ ነው። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ቆርጫለሁ። አሁን አንቺ ደውዪ።»

ደወልኩ። «ዶክተር፣ ቅድም ዋሽቻለሁ። ምንም አልጻፍኩም።» «ተመስገን፣ አሁን መሥራት እንችላለን» አሉኝ። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሳምንት ላኪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስወጣ መዋያዬ እዚያው እንጨት ቤት ሆነ። አሰምርላቸውና ጥግ ይዤ እጽፋለሁ። መጋዙ ዝም ሲል እኔ ቀና እላለሁ፤ እኔ ስፈዝ እሳቸው «መምህርት፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። የጻፍኩት ሁሉ የሚያኮራ አይደለም፣ ግን ተጽፏል። ረቂቁን ቀኑ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው አስገባሁ። አማካሪዬ ብዙ ቦታ በቀይ አስምረውበት «ቀጥይ» ብለው መልሰውልኛል። አባ ፎጊም ለልጃቸው ተናግረው መነጽር ታዞላቸዋል።

ጠረጴዛው ትናንት በጋሪ መጣ፤ ይህንንም የምጽፍላችሁ እሱ ላይ ሆኜ ነው። ባሌ ዞሮ ዞሮ አየውና ከሥሩ ሰማያዊ የጠመኔ መስመር አገኘ።

«አላለቀም እንዴ?» አለኝ።

«አልቋል፣ ቀለም ብቻ ነው የቀረው» አልኩት... ያቺ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነች። ጨርሼው የነበረውን ምስጋና ግን አንድ ስም ልጨምርበት እንደገና ከፍቼዋለሁ።