አረብኛው የጠፋባቸው እናት

ባለሱቋን ያወቅኋት አሠሪዬ፣ መዳሜ፣ አባያ ልታሳጥር ስትሄድ ዕቃ ተሸክሜ ተከትያት ነው። ሱቁ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ፣ የሞባይል መጠገኛዎችና የሽቶ መሸጫዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ያለችው ሴት አርባውን የተሻገረች፣ ጠይም፣ ሰልካካ አፍንጫ ያላት ነበረች። በመዳሜ ፊት አፌን መክፈት እንደማይገባኝ እያወቅኩ አላስቻለኝም። አማርኛ የማወራው ከስልክ ጋር ብቻ ከሆነ ቆይቶ ነበር።

«እህቴ፣ ሀበሻ ነሽ?» አልኳት።

ፊቷ ቅጭም አለ። «አና መካዊያ» አለችኝ፤ የመካ ሰው ነኝ ማለቷ ነው። ከዚያ መርፌዎቹን ከከንፈሯ እያወጣች የመዳሜን አባያ ጫፍ መሰካት ቀጠለች። መዳሜ ሳቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ያኔ ጅዳ ገብቼ ሁለተኛውን ረመዳን ጾሜ ነበር። ከወሎ ስነሳ ቀድመውኝ ዓረብ አገር የኖሩ ሴቶች የመከሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ሰው የሚያልፍለት በሰው ነው፤ ሰው እወቂ» ነበር ያሉኝ። አልዋሹኝም። ከፊል የሚሉት ሕጋዊ አሠሪ የሚቀየረው፣ ደህና ቤት የሚገኘው፣ የታመመ ሐኪም ጋ የሚደርሰው በሰው ነው። ግን በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ ያለች ሴት ማንን ታውቃለች? እኔ የማውቀው የመዳሜን ልጆችና ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ከሩቅ ሰላም የሚለኝን የሕንፃውን ዘበኛ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ባለሱቋ አባያውን ራሷ ይዛ ቤታችን መጣች። ከመዳሜ ጋር እንግዳ ክፍል ገብተው ሲያወሩ ቆዩና መዳሜ ጠራችኝ። «ያላ፣ ነይ፤ የምትጠይቅሽ ነገር አላት።»

ሴትየዋ ቆማ ነበር። የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። በአረብኛ አንደበት ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «መብራቱ… ዓይኔን… ወጋኝ» አለችኝ። «ይሄ ቋንቋ ነው? ትርጉም አለው?»

ተረጎምኩላት። መብራቱ ዓይኔን አመመው ማለት ነው አልኳት።

ቁጭ አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለችና፣ «የክፍሏን መብራት አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!» እያለች ጮኸች። ስልኩን ዘግታ ማልቀስ ጀመረች። መዳሜ ውሃ እንዳመጣላት በዓይኗ አሳየችኝ።

ነገሩን የነገረችን ውሃውን ከጠጣች በኋላ ነው። እናቷን እነሱ ጀልጣ የሚሉት፣ አንጎልን የሚመታው በሽታ ጥሏቸዋል። ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ከሆስፒታል ሲወጡ ግን አንደበታቸው ተፈታ፤ የተፈታው በአረብኛ አልነበረም እንጂ። ወንድሞቿ ትቃዣለች አሉ። ቁርኣን የሚቀራባቸው ሰው አመጡ። ጨለማ እንዳያስፈራቸው ብለውም ቀን ከሌት መብራት አብርተውላቸው ነበር። እሷ ግን ሱቅ ውስጥ እኔ ያወራኋትን ስትሰማ፣ ልጅ ሳለች እናቷ ከአሮጊቶች ጋር በሹክሹክታ የሚያወሩት ድምፅ ትዝ አላት። ምን እንደሆነ አታውቀውም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች።

«አርብ አርብ ስጪኝ» አለቻት መዳሜን። «እኔው እወስዳታለሁ፣ እኔው እመልሳታለሁ።»

የሴትየዋ እንባ ከብዷት ይሁን ወይ የራሷ እናት ትዝ ብላት አላውቅም፣ መዳሜ እሺ አለች።

መኪናዋን የምትነዳው ራሷ ነበረች። መካ እስክንደርስ ብዙም አላወራችኝም። እኔ አንቱ ልላት ፈልጌ አረብኛው አንቱ የሌለው መሆኑ ጨነቀኝ፤ በመጨረሻ «ያ ኡኽቲ» እያልኩ፣ እህቴ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። ቤታቸው ኩዳይ ነበር፤ የሐጃጅ አውቶብሶች የሚቆሙበት፣ የሆቴል ሠራተኞች ልብስ በየመስኮቱ የሚሰጣበት ሰፈር። እማማ የተኙት ታችኛው ክፍል፣ የብረት አልጋ ላይ ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አሰላሙ ዓለይኩም እማማ፤ እንደምን አሉ?» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ዞሩ። ሲያዩኝ፣ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ወዓለይኩም ሰላም» አሉ። «የማን ልጅ ነሽ?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እዚያ አገር የሚጠየቀው የማን ሠራተኛ እንደሆንኩ ነው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ የሰፈራችንን ስም ነገርኳቸው።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ታዲያ?» አሉኝ። «ሰው የለም እኮ እዚህ ቤት።»

«ምን አለች?» አለችኝ ልጃቸው።

ነገርኳት። ወንድሞቿም ሰሙ። ታናሽየው በሩን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር ሄድኩ። እማማ ትራሳቸው ከፍ እንዲል የሚፈልጉ መሆኑን፣ የሚሰጣቸው ሾርባ ጨው የበዛበት መሆኑን፣ የሚያጥባቸው ወንድ ልጃቸው ሲሆን እፍረት የሚገድላቸው መሆኑን እየተረጎምኩ ለልጆቻቸው ነገርኳቸው። ልጃቸው ከጎኔ ሆና ቃላት ትለቅም ጀመር። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ውሃ፣ ትራስ፣ አመመኝ፣ አብሽሪ» እያለች ትደግማለች። አብሽሪን ስትሰማ፣ «እሱማ የኛው አረብኛ ነው!» ብላ ሳቀች። እኛ ወሎዬዎች አይዞሽ ስንል እንደምንለው ስነግራት ደስ አላት። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው መጀመሪያ።

አንድ አርብ የስፌት መኪና ጭና መጣችና እማማ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። «ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ አንቺ ታስተምሪኛለሽ፣ እኔም አስተምርሻለሁ» አለችኝ። እማማ ሲያንቀላፉ ጫፍ ማጠፍ፣ እጅጌ መግጠም አሳየችኝ። ስቸኩል እጄን በእጇ ትይዘዋለች። «አትጎትቺው፤ ጨርቁ በራሱ ይሂድ» ትለኛለች። እማማ ደህና ሲሆኑልኝ ከፊልሽን አነጋግሬ ወደ ሱቄ አዛውርሻለሁ አለችኝ። እማማ ደህና እንደማይሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን እንደዚያ ነበር የምናወራው።

አማርኛ ለምን እንዳላስተማሯት ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት «ሀበሺያ» እያሉ ጸጉሯን ይጎትቷት እንደነበር ነገረችኝ። እናቷ ያን የሰሙ ዕለት፣ ከዚያ ወዲያ በልጆቻቸው ፊት አማርኛ ላይናገሩ ማሉ። «ራሷ ናት የቆለፈችው» አለች። «አሁን እሷ ውስጥ ቀረች፤ እኛ ውጭ።»

ነገሩ የተበላሸው ልጃቸው ከሠርግ መጥታ በቀጥታ የገባች ቀን ነው። ጥሩ አባያ ለብሳለች፤ እጇ በወርቅ አምባር ተሞልቷል። እማማ ሲያዩዋት ዓይናቸው በድንጋጤ ፈጠጠ። በደህናው ክንዳቸው ተደግፈው ለመነሳት ይታገሉ ጀመር።

«እሜቴ፣ አልተኛሁም፤ ልነሳ ነው» አሉ። «ምንጣፉን አራግፌ ሳበቃ ነው ጋደም ያልኩት። አይቆጡኝ እሜቴ።»

ሮጬ ያዝኳቸው። ልጃቸው ግራ ገብቷት «ምን አለች? ለምን ፈራችኝ?» አለችኝ። የእማማን ትራስ ማስተካከል ያዝኩ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ አትደብቂኝ።»

«ያሠሯቸው የነበሩት መዳም መስለሻቸዋል» አልኳት። «ምንጣፍ አራግፌ ነው የተኛሁት፣ አትቆጪኝ ነው የሚሉሽ።»

«እናቴ ሰው ቤት ሠርታ አታውቅም» አለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። «አባቷ ለሐጅ መጥቶ እዚሁ የቀረ ትልቅ ሸኽ ነበር። እንደዚያ ነው የነገረችን።»

«እኔ ያሉትን ነው የነገርኩሽ፣ እህቴ።»

ቀድማኝ ወደ መኪናው ወጣች። ወደ ጅዳ ስንመለስም ቃላቷን አልደገመችም።

በሚቀጥለው አርብ አምባሮቿን ሁሉ አውልቃ፣ የቤት ቀሚስ ለብሳ ገባች። ለውጥ የለም። እማማ ሲያዩዋት እንደገና ሊነሱ ታገሉ፤ ሰሐኑን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም እያሉ ማሉላት። ድሮ፣ በልጅነት ዕድሜያቸው፣ ያልሰበሩት ሰሐን ምን አስከፍሏቸው እንደነበር አላህ ይወቅ። ልጃቸው አልጋው ግርጌ ቆማ አየቻቸው። ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ሥራው አልቋል፣ እረፊ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ሥራሽ አልቋል፣ እረፊ።»

አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። እናቴ ብላ አልጀመረችም። «ሥራሽ አልቋል» አለቻቸው፣ እንደ መዳም ቀጥ ብላ። «እረፊ። ተኚ።» ኚው አልወጣላትም፤ «ተኒ» ነው ያለችው። እማማ ግን ገባቸው። መታገላቸውን አቆሙ።

«ልሂድ እንዴ? ቤቴ ልሂድ?»

ልጃቸው ወደኔ አየች። ሹክ አልኳት። «አዎ፤ ሂጂ» አለቻቸው።

«አላህ ይስጥልኝ እሜቴ። እኔማ አገሬ ናፍቆኝ ነበር» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ከደኑ። የሚተነፍሱት እንደ ሕፃን ነበር። ልጃቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ በቀስታ ገፋችው።

እማማ የሞቱት ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። እኔ ጅዳ ነበርኩ። በሐረም፣ በታላቁ መስጊድ፣ ተሰግዶባቸው መቀበራቸውን በስልክ ድምፅ ተልኮልኝ ሰማሁ። መዳሜ ለለቅሶ ልድረስ ስላት አልከለከለችኝም፤ በሹፌሯ ላከችኝ።

ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ የማላውቃቸው የመካ ሴቶች፣ ከመካከላቸው መልካቸው የእኛው የሆነ ብዙ ናቸው፤ የሚያወሩት ሁሉ በአረብኛ ነው። ልጃቸው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። «አብሽሪ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ወዲያ በኩል ያለች ዘመዳቸው ጎንበስ ብላ፣ «ይቺ ማን ናት?» አለቻት።

«ሸጋላ ናት» አለች። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። «እናቴን ታስታምም የነበረች።»

ውሸት አይደለም። እንጀራዬ እሱው ነው፤ አላፍርበትም። ግን እዚያ ቤት በነዚያ አርቦች ውስጥ ምን እንደነበርኩ የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቁልኝ እማማ ተቀብረዋል። ዘመዳቸው ባዶ ስኒዋን አነሳችልኝ። ተነሳሁና ተቀበልኳት። ከዚያ ትሪውን ይዤ ሻይ ቀዳሁ፣ ቴምር አዞርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ልጃቸው አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ተቀመጪ ልትለኝ መሰለኝ። አላለችኝም። ስኒ ሳቀርብላት ተቀበለችኝ።

ቃሏን ግን አላጠፈችም። ዒድ ካለፈ በኋላ ከመዳሜ ጋር ተነጋግራ፣ ጉዳዩን ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳ፣ ከፋላዬን፣ የአሠሪነቱን ወረቀት፣ ወደ ሱቋ አዞረችው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ላይ ያለው ሥራ አሁን ስፌት ነው። በሬን የምቆልፈው ራሴ ነኝ። ታናሽ እህቴ በኔ ደሞዝ ነርስነት እየተማረች ነው። አገር ቤት ስሜ ሲነሳ «እሷ ጥሩ ሰው አገኘች» ይባላል። እኔም እንደዚያ እላለሁ።

ሱቅ ውስጥ ከተሰፋው ጨርቅና ከደንበኛ ቀጠሮ ሌላ ብዙ አንነጋገርም። እጄን ይዛ አታሳየኝም፤ ሲበላሽ በጣቷ ታመለክታለች። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ደንበኛ ጠፍቶ ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጣች። እስክጨርስ ቆመች።

«አማርኛው ካንቺ አፍ ሲወጣ እናቴን ነው የምሰማው» አለችኝ። «ስትለምነኝ ነው የምሰማው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ውስጥ አታውሪው።»

«ልሂድልሽ? ሌላ ቦታ ልፈልግ?»

«ላ» አለች ቶሎ ብላ። «አትሂጂ። ብቻ እሱን አታውሪው።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? የሰጠችኝ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ እኔ የሰጠኋትም ትዝ አለኝ። እናቷን ቃል በቃል ሰጠኋት፣ የመጨረሻዎቹ ቃላት ግን ልትሸከማቸው የማትችላቸው ሆኑ። ባልተርጉምላት ይሻል ነበር ወይ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አይመስለኝም። እማማ «ሂጂ» መባል ነበረባቸው።

አሁን የእናቴ ስልክ ሲጠራ መንገድ ላይ እወጣለሁ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ የታክሲ ጥሩምባ ያደነቁራል። እናቴ «ምንድነው የሚጮኸው? ሥራ የለሽም?» ትለኛለች። ንፋስ ልቀበል ወጥቼ ነው እላታለሁ። ስለ ባለሱቋ ሳትጠይቀኝ ስልኩን አትዘጋም።

«ደህና ናት? ትወድሻለች?»

«ደህና ናት፣ እማ» እላታለሁ፤ በመስታወቱ ውስጥ፣ አንገቷን ደፍታ ጥቁር ጨርቅ ስትቆርጥ እያየኋት።