ዳጣው መጣ፣ ዳታው የታለ?

ያኔ ሶዶ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያ ስል ከእኔ ሌላ ስላልነበረ ነው። የተማሪው ውጤት የሚቀመጥበት፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩበት ሰርቨር ሁለት ዲስክ ነበረው። ሬይድ ይሉታል፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። የተማሪውን ሁሉ ውጤት በእጇ ስትጽፍ የኖረችውን የሬጅስትራሯን ሴትዮ፣ "እትዬ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ፤ መዝገቡን ተይው" እያልኩ ስወተውታት ከረምኩ። በመጨረሻ እሺ አለች። ዲኑ ሲያንገራግር እንኳ ዋስ የሆነችልኝ እሷ ናት።

ተመራቂዎቹ ውጤታቸውን ሊወስዱ አንድ ቀን ሲቀር እኔ ለሌላ ሥራ አረካ ነበርኩ። ስልክ ተደወለልኝ፤ መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

"ዳታ የለም! ዛሬ ካላመጣህ ጉዴ ፈላ!" ትላለች እትዬ።

እኔ የሰማሁት ዳጣ ነው፣ ያ የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ። ምን ላድርግ፣ ከአረካ ዳጣ አምጣልኝ ብላኝ ነበራ! ያለሱ ሥጋ የማይቀመስበት አገር፣ ቢያልቅባት መጮኋ አልገረመኝም።

"አይዞሽ፣ እዚህ ሞልቷል፤ ይዤ እመጣለሁ" አልኳት።

እሷ ደግሞ ልጁ አረካ ቅጂ አለው ብላ ለዲኑም ለተማሪውም አወጀች። እኔ ገበያ ዞሬ፣ ቀምሼ፣ አማርጬ፣ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አስሞልቼ በሚኒባስ ከች አልኩ። ውጤታችን ጠፋ ብሎ ኮሌጁ በር ላይ የተሰለፈው ተማሪ ያጨበጭብልኛል! ጠርሙሱን ሳወጣ ጭብጨባው ቀጥ አለ።

እትዬ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። "ወይ ጉድ! ዳጣው መጣ፣ ዳታው የታለ?"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለካ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያው ዲስክ ሞቷል። ይሙታ! ሁለተኛው አለ አይደል? አለ፤ ውጤቱም ሙሉውን እሱ ላይ አለ። ማሽኑ ግን አልነሳም ብሎ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሊኑክስን የሚቀሰቅሰውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ማስነሻውን፣ የጫንኩት የመጀመሪያው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሬይዱ እሱን አይገለብጥም። ሁለት ቤት ሠርቼ በር ያወጣሁት ለአንዱ!

ማሽኑን ከሲዲ አስነሳሁና ማስነሻውን ሁለተኛው ዲስክ ላይ ጻፍኩ። ሲዲውን አውጥቼ እንደገና ሳበራው እትዬ አጠገቤ ቆማ በወላይትኛ ትጸልያለች። ተነሳ! የተማሪዎቹ ስም ከነውጤታቸው ሲደረደር እልል አለች።

"ጎበዝ! ዲስኩ ሞቶ እንኳ አዳንከው" አለኝ ዲኑ።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን የዋሴ፣ የእትዬ ፊት ከፊቴ ነበር። "ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፤ የኔ ነው። ሁለተኛውን ሳልሞክር ነው ይሠራል ያልኩት" አልኩ።

ዲኑ ተቆጣ፤ ደግ አደረገ። እትዬ ጠርሙሷን ይዛ ፊቷን አዙራብኝ ሄደች። ፊት መንሳቷ ከዲኑ ቁጣ በላይ አንገበገበኝ።

በምርቃቱ ማግስት ቢሮዬ መጣች። ራሷ ያዘጋጀችውን ሁለት ጠርሙስ ዳጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ሁለት ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"አንዱ ቢያልቅ ሌላው አለ" አለች፣ ሳቋ እያመለጣት። "ደግሞ ሁለቱም ይከፈታሉ። ሞክሬያቸዋለሁ።"