የብርድ ልብሱ ልጅ

«ማን መትቷት ነው?» አለችኝ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት፣ ገና ሰላም ሳንባባል። ልጄን አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ከሁለቱም ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ ቡጢ የቀመሰ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት። ማንም አልመታትም አልኩ። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ በስንት ወላጅ ላይ አሳርፌዋለሁ። በራስ ሲመጣ ግን ያንገበግባል። ልጄን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ አልወሰድኳትም።

እውነቱን ለመናገር የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነው። ያን ፊት ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ። የታናሽ እህቴ ፊት ነው። እህቴ ጢቾ፣ እናታችን ቤት፣ በአራት ዓመቷ ሞተች። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድም ፎቶ የላትም፤ መልኳን የምናስታውስ እናቴና እኔ ብቻ ነን፣ እናቴ ደግሞ ስለሷ አታወራም። ስለዚህ ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ ያን ፊት አሰላ ውስጥ፣ እኔ ቤት፣ ትራስ ላይ ተኝቶ ሳገኘው የምነግረው ሰው አልነበረኝም። አባቷ ሥራው ሲሬ ከተማ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፣ ይስማታል፣ «ትንሽ ከሳች መሰለኝ» ይላል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ወንዶች ማየት የሚባለውን ነገር መቼ እንደሚማሩ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው በክረምቱ መግቢያ ነው። እኔ ጋ መተኛቷን ትታ የራሷ ትንሽ አልጋ እንዲኖራት አደረግሁ፤ እናቴም ይህን በስልክ ስነግራት ከጢቾ ብርድ ልብስ ላከችላት። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ቡናማ፣ ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ የኖረ። «የእህትሽ ነበር፤ ልጅሽ ትልበሰው» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ስለ እህቴ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? ለልጄም «ይሄ የአክስትሽ ነው፣ እንዳንቺ ትንሽ እያለች የለበሰችው» አልኳት። የት አለች አለችኝ። ሄዳለች አልኩ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ የክርኗና የጉልበቷ መታጠፊያ ሻከረ፣ ቀላ፣ ከዚያ ማዠት ጀመረ። በሐምሌ ጭላሎ ተራራ ላይ ያለው ጉም ከሰዓት በኋላ ወርዶ ግቢያችንን ይሞላዋል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፍ ሰው ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ወጥ ቤት ቆሜ ከመኝታ ክፍሉ ኽር… ኽር… ይለኛል። «አታክኪ!» ብዬ እጮኻለሁ። ይቆማል። ሳህን ማጠብ ስጀምር ደግሞ ይቀጥላል። አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ ቀስ ብዬ ሄድኩና በሩን ገፋ አደረግሁት። ልጄ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሁለቱም እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተዋል። በነዚያ በጠቆሩ ዓይኖቿ አየችኝ።

«ለምንድን ነው የምታክኪው? አልተባባልንም?»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«የብርድ ልብሱ ልጅ ናት። እሷ ናት የምታክከኝ።»

 እጇን አነሳሁና ጥፍሯን አየሁት፤ ከሥሩ ደም አለ። የሷው ጥፍር፣ የሷው ደም ነው ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ግን ያን ቀን ወጥ ቤት ተመልሼ ሳህኖቹን አልጨረስኳቸውም።

አከራዬ እዚሁ አርሲ ተወልደው ያረጁ ሙስሊም እናት ናቸው። ድሮ ልጄን ሳያቅፏት አያልፉም ነበር። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ሲያዩዋት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። «ማል ታቴ?» አሉ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ምን ሆነች ልጄ? ሰው ዓይን ውስጥ አታስገቢያት። አላህ ይጠብቃት» አሉኝ። ፊቷን ቀና ብለው አላዩትም። ዓይናቸው የጎዳት እንዳይመስለኝ ፈርተው ነው፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሳንባን ከነቅርንጫፎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ የማስረዳ፣ ተማሪ «ቡዳ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምስቅ ሴት ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን መስኮቱን ዘጋሁ። መጋረጃውን ደረብኩ። ሰው ግቢ ሲገባ ልጄን ከነፊቷ በብርድ ልብሱ እጠቀልላት ነበር። በደበቅኳት ቁጥር ጥቁረቱ ባሰ፤ አፏን ከፍታ መተኛት ጀመረች፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ወደ ላይ እየፈተገች ትውላለች። ይህም ለኔ ማስረጃ ነበር፦ ያ ነገር ቤት ድረስ ተከትሏታል ማለት ነው። ስንት ዓመት የተማርኩት ትምህርት የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

ለእናቴ ደወልኩና «ትንሽ አሟታል» አልኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዓይኗ ሥር ጠቁሯል?» አዎ አልኩ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

ቤት ግን አልገባችም። ልጄን እንዳየቻት ደጃፉ ላይ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች። «እሷው ናት» አለች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ከጉያዋ በጨርቅ የተቋጠረ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቋጠሮው ሳይፈታ ሽታው ወጣ። ያን ሽታ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው የማውቀው።

እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ዓይን በላው የተባለ ሰው ይሸፈንና ሽፋኑ ውስጥ በሥሩ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ የበላውን ያስጨንቀዋል፣ ያስለፈልፈዋል። ከሽፋኑ ሥር እንግዳ ድምፅ ሲሰማ «እየወጣ ነው» ይባልና ጭሱ ይጨመራል። እህቴንም እንዲሁ አደረጓት። ያን ብርድ ልብስ ጣሉባትና እናቴ እኔን «ጫፉን ያዥ፣ ጭሱ እንዳይወጣ» አለችኝ። ያዝኩ። እህቴ ሳለች፤ ቆይቶ ከውስጥ ፉጨት መጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የልጅ የማይመስል ፉጨት። ጎረቤቶቹ «ለፈለፈ! ለፈለፈ!» አሉ። እኔ ጫፉን አጥብቄ ጫንኩት፤ ያ ነገር ከእህቴ ላይ እንዲወጣ የኔን ያህል የፈለገ አልነበረም። ከዚያ ፉጨቱ ቀጥ አለ። «ለቀቃት» አሉ፣ ሁሉም በእፎይታ። ብርድ ልብሱን ሲያነሱት ምን እንዳየን አልጽፈውም።

ያን ፉጨት የበላተኛው ድምፅ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

እናቴ በመጣች ማግስት ጠዋት ከልጄ ደረት ውስጥ ፉጨቱ ተሰማ። ቀጭን ነው፤ ትንፋሿን ስታወጣ ይመጣል፣ ስታስገባ ይጠፋል። እናቴ ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ።

«ትሰሚዋለሽ?» አለችኝ።

«እሰማዋለሁ።»

 ከሰል አቀጣጠለች። ልጄን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻትና «ትንሽ ነው የኔ እናት፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» ብላ ብርድ ልብሱን ጣለችባት። ፍሙን ከሥሯ አስገባች፣ ሥሩን በተነችበት። ከዚያ ወደኔ ሳታይ «ጫፉን ያዥ» አለችኝ።

ያዝኩ። ይሄን ማለባበስ አልፈልግም፤ የባዮሎጂ መምህርቷ ጫፉን ይዛለች። ውጪው በጉም ነጭ ሆኗል፣ ቤቱ በጭስ፤ መስኮቱን ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ትንሽ ጭንቅላት ትንቀሳቀሳለች። ሳለች። ፉጨቱ ከፍ አለ፣ ልክ ያኔ እንደሰማሁት፣ በዚያው ቅጥነት፣ በዚያው ርዝመት፤ ለአፍታ ያለሁት ጢቾ ይሁን አሰላ ጠፋኝ። እናቴ ተጨማሪ ሥር ልትበትን ጎንበስ አለች። በዚህ መሃል ከፉጨቱ ውስጥ «እማ» የሚል ተሰማኝ።

የበላት ነገር እኔን እማ ብሎ አይጠራም።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ወረወርኩት። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ በያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አቅፌያት በባዶ እግሬ ወጣሁ። አከራዬ ሲያዩኝ ምንም አልጠየቁ፤ በሩን በርግደው ከፍተው መንገዱ መሃል ቆሙና የመጣውን ባጃጅ በሁለት እጃቸው አስቆሙ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» የሚለው ድምፃቸው ጉሙ ውስጥ ከኋላዬ ቀረ።

ሆስፒታል ፊቷ ላይ ጭንብል አደረጉላት። ከጭንብሉ ነጭ ተን ሲወጣ ሳይ ጭስ መስሎኝ ልነጥቀው ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። «መድኃኒት ነው፣ መድኃኒት ነው» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ፉጨቱን አዳመጥኩ። ቀጠነ። ራቀ። ከዚያ ቆመ። የዚያን ጊዜም እንዲሁ ነበር የቆመው፤ ፊቷን ለማየት አቅም አጣሁ። «ውሃ» አለች ልጄ፣ በተኮሳተረ ድምፅ።

ዶክተሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ሳይተኛ ያደረ ሰው ፊት ነበረው። ክርኗን አየ፣ ከጉልበቷ ኋላ አየ፣ የዓይኗን ሥር በጣቱ ዳሰስ አደረገው። ምን ለብሳ እንደምትተኛ ጠየቀኝ። ቤት ውስጥ ጭስ አለ ወይ አለኝ። ከዚያ፣ «ከቤተሰብ አስም ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ «እህት ነበረችኝ» አልኩ።

መጻፉን አቆመ። «በምን ሞተች?»

«በጭስ» አልኩት። ይሄን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ብዙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቆዳዋም፣ ዓይኗም፣ ደረቷም አንድ ነገር ነው፣ አለርጂ ነው አለኝ። አፍንጫዋ ውስጡ ሲያብጥ ደሙ ከዓይኗ ሥር ይጠራቀማል፤ ጥቁረቱ እሱ ነው፣ ማንም አልመታትም፣ ማንም አላያትም። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥባ ትውጣ፣ ገላዋ ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባ፣ የቀላው ላይ ያዘዘላት ቅባት እሱ ላለው ቀን ያህል ብቻ። ጥፍሯ ይቆረጥ፣ ጥጥ ትልበስ፣ ፍራሿ ፀሐይ ባገኘ ቁጥር ይሰጣ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ የበግ ጠጉርና ጭስ እሷ ያለችበት ቤት አይግቡ። አንድ በአንድ ስሰማው ሁሉንም ገልብጬ ሳደርገው ነበር የከረምኩት። ልጄ ግን ነግራኝ ነበር፤ ማን እንደሚያክካት በስሙ ነበር የነገረችኝ።

ስንመለስ እናቴ ግቢው ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ብነግራት በዚህ ዕድሜዋ እገድላታለሁ።

«ምን አሉሽ?»

«ብርድ ነው እማዬ። ደረቷን ብርድ መትቷት ነው። ለቆዳዋ ቫዝሊን ተባለ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁም ብርድ ነው።»

 እናቴ ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ቫዝሊኑን ከእጄ ወሰደች፣ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከጉልበቷ ኋላ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ቀባቻት። ልጄ አላከከችም። እናቴ ቀና ሳትል፣ «ያኔ ጫፉን የያዝሽው አንቺ አልነበርሽም» አለች።

«እማዬ፣ ተይው።»

«ለቀሽው ነበር። ‹እየጠራችኝ ነው› ብለሽ ለቀሽው ነበር። እጅሽን መልሼ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ይሄን አላስታውስም። ጫፉን እንደያዝኩ ነው የማስታውሰው፤ በእጄ ላይ ሌላ እጅ እንደነበረ ግን አላስታውስም። እግሯ ሥር ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ እሷ የልጄን ክርን መቀባት ቀጠለች።

በማግስቱ ወደ ጢቾ ተመለሰች። ብርድ ልብሱን እንጣለው አልኳት፤ አልሰማችኝም። አጣጥፋ ደረቷ ላይ ይዛው መናኸሪያ ሸኘናት። ልጄ ብርድ ልብሱን አየችና «እሷም ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀቻት። ስለ ብርድ ልብሱ ልጅ ለእናቴ አንድም ቀን አልነገርኳትም። እናቴ ማን ብላ አልጠየቀችም።

«አዎ፣ ትሄዳለች፤ እኔ እወስዳታለሁ» አለቻት።

መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን አቀፈችው፤ መኪናው ሲነሳ መስታወቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጉም። ከኋላዋ ያሉት ተሳፋሪዎች «ኧረ ነፋሱ! ዝጊው!» እያሉ ሲጮኹባት ይሰማኛል። አልዘጋችውም።