ያልተቀመጥንባቸው ወንበሮች

ሐዋ ይማም ከቢስቲማ ወደ ኮምቦልቻ የወረደችው ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ልጇን ፋኢዛን አዝላ ነው። ፋብሪካ ገብታ ፈትል ክፍል ተቀጠረች። ከሥራ ስትወጣ የጥጡ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ስለሚቀር ሻርቧ ጠርዝ ሥር ነጭ ብሎ ይታያል። እኛ የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ሐዋ ዛሬም ሸበትሽ» ስንላት፣ «የእኔስ በውሃ ይለቃል፤ ለራሳችሁ እዘኑ» ብላን ታልፋለች።

ለረጅም ዘመን የኖረችው በእትዬ ቡዜ ግቢ ተከራይታ ነው። ሁለቱ ጠዋት በሆነ ባልሆነው ይጣላሉ፣ ማታ አንድ ሰሐን ላይ ይበላሉ። ቡዜ ስታርፍ ልጆቿ ግቢውን ሸጡት። ሐዋም አዲስ በተሠራ ፎቅ ሦስተኛው ላይ አፓርታማ ተከራየች። የሕንፃው ባለቤት ውጭ አገር ነው የሚኖረው። በእሱ ፈንታ ቤቱን የሚያስተዳድረው ቢሮው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሆነ ድርጅት ነበር።

መከራዋ ከዚህ ጀመረ። ውሃው ከሁለተኛው ፎቅ በላይ አይወጣም። የደረጃው መብራት ገና በገባች ሰሞን ተቃጥሎ ቀረ፤ ደረጃው ደግሞ መስኮት ስለሌለው ቀትር ላይም ጨለማ ነው። ሐዋ ቢሮው ትደውላለች፤ ሀሴት የምትባል ልጅ ታነሣና በሚጣፍጥ ድምፅ «ተመዝግቧል» ትላታለች።

«አያ ገብሬ፣ ተመዝግቧል ይሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጀሪካኗን ደረጃው ሥር አስቀምጣ ትንፋሿን ስትሰበስብ። «ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ ግን መዝገቡ ወርዶ አያግዘኝም።»

በር ላይ የተለጠፈ ደንብም አለ። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው፤ በርበሬ ማስጣት ክልክል ነው። ሐዋ ይህን ሁሉ እየሳቀች ቻለችው። ያልቻለችው ፋኢዛ ስትታጭ የመጣውን ነው። የሀፊዝ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው፣ እሺ ተብለው፣ የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ሐዋ ግቢው ውስጥ ዳስ ልትጥል ብትጠይቅ፣ ድንኳንም ሆነ ዳስ በደንቡ የተከለከለ ነው፣ አዳራሽ ይከራዩ ተባለች።

ቤቴ ስትመጣ እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም። «ወንድሜ ቢስቲማ አምጫትና ከእኔ ቤት እንዳራት ይለኛል። ያረቢ! ይህን ሁሉ ዘመን ኮምቦልቻ ኖሬ ልጄን የማስወጣበት በር አጣሁ ልበል? ልጄ ከእናቷ በር ትውጣልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አብሽሪ» አልኳት። «ሽማግሌ እንልካለን።»

«በማን ላይ? ሰውዬው እንደሆነ አሜሪካ ነው ካናዳ ነው፣ ማን ያውቃል።»

«በድርጅቱ ላይ ነዋ!»

ያን ጊዜ ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም። ከተከራይ ጋር የተጣላ አከራይ ሁሉ የሚታረቀው በሽማግሌ ነው፤ ድርጅትም አከራይ ነኝ ካለ ወግ ሊደርሰው ይገባል።

ሼህ ሙሄዲን፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር እንየውና እኔ ጋቢያችንን ደርበን በማለዳ ተነሣን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እንየው በየመታጠፊያው «ማርሽ ቀንስ እንጂ!» እያለ ሾፌሩን አሰቃየው። ደሴ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን።

ቢሮው ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ሶፋ የተደረደረበት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቃለሕይወት የሚባል ክራባት ያሰረ ወጣት ነበር። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣንና «አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለን።

«የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ሼህ ሙሄዲን። «እንዲህ ያለች እናት አለች፣ እንዲህ ያለ ሠርግ አላት፤ ፈቃዱን ጀባ በለን።»

«ድርጅት እኮ አይለመንም፣ አባቴ። ያለው ደንብ ነው።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?» አልኩ እኔ።

«ዋናው መሥሪያ ቤት።»

«የጻፈው እጅ አለው አይደል? እጅ ያለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይለመናል።»

ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀና ሲል ሦስታችን እንደ ምሰሶ ቆመናል። ሳይወድ በግድ ተመልሶ ተነሣ። ሀሴትም ኮምፒውተሯን ቆማ ትመታ ጀመር። ጣሪያዋ የሚያፈስባት ተናኘ የምትባል አስተማሪ ለአቤቱታ ገብታ ልትቀመጥ ስትል አየችንና ቀጥ አለች። ጀላል የሚባል ነጋዴም ገባ፤ እሱም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ረፋዱ ላይ በዚያ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

እንየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህ ሶፋ በስሜ እየጠራኝ ነው» አለ።

«ዱዓ አድርግና ዝም በል» አሉት ሼሁ።

ተናኘ ጉዳያችንን ጠይቃ ስትሰማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «ሽማግሌ መላክ ይቻላል እንዴ? እኔ ሞኟ ስደውል ነው የከረምኩት!»

ይህን ሲሰማ ቃለሕይወት ላብ ላብ አለው። ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ላለው አለቃው ደወለ።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌዎች መጥተው አልቀመጥ አሉ… አይ፣ ወንበርስ አለ… ደንበኞቹም ቆመዋል… እኔ? እኔም ቆሜ ነው።» ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። «እሺ። እሺ ጌታዬ።» ስልኩን ዘጋና ተነፈሰ። «ዳሱ ይጣል ብለዋል። የግቢው ንጣፍ ድንጋይ ግን እንዳይቆፈር።»

«በርሜል አሸዋ ሞልተን ምሰሶውን እዚያ ላይ እናቆማለን» አለ እንየው፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ሶፋው ላይ ወድቆ።

«አለቃህ የየት አገር ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ ሼህ ሙሄዲን።

«እዚሁ ወሎ፣ የመርሳ ልጅ ናቸው።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም? የመርሳ ሰው ሽማግሌ አቁሞ አያውልም! ጉልበታችንን በከንቱ ፈጀኸው።»

ተናኘ ግን እንደቆመች ቀረች። «እኔ ጣሪያዬ ሳይሠራ አልቀመጥም» አለች።

በሠርጉ ቀን ዳሱ በበርሜሎቹ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቃለሕይወት ንጣፉን ሊያይ ከደሴ ወርዶ ነበር፤ በሙቀቱ ክራባቱ አንገቱ ላይ ተጣብቋል። ሐዋ በአዲስ ልብሷ አምራ ከዳሱ በር ላይ ተቀበለችው።

«ንጣፉ ደህና ነው፣ የእኔ ልጅ። ደረጃውን ግን ወጥተህ እይልኝ።»

ወጣ። ቶሎ አልተመለሰም። ሙሽሪት ልትወርድ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ደረጃው አፈጠጠ። ጨለማው ውስጥ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሞባይላቸውን ባትሪ አብርተዋል፤ እልልታው ሕንፃውን ሞልቶታል። ፋኢዛ ቀሚሷን ሰብስባ በብርሃኑ መካከል ቀስ እያለች ወረደች። ከፊት ከፊቷ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ እግሯ ሥር እያበራ የኋሊት የሚወርደው ቃለሕይወት ነበር። መጨረሻው ደረጃ ላይ ሊወድቅ ሲል እንየው በወገቡ ያዘው።

«እዩልኝ» አለች ሐዋ፣ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ። «የደረጃዬ መብራት በስንት ጊዜው ተሠራ!»

ልጇን አቅፋ ሳመቻትና ቀና ብላ የሦስተኛውን ፎቅ በረንዳ አየች። «ከእናቷ በር ወጣች» አለችኝ። «አያ ገብሬ፣ አሁን ይቀመጡ።»