ትልቋ የምትጠራበት ሰዓት

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። ታላቅ እኅቴ እታለም በዕድሜ ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በትዕግሥት ግን ስልሳ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ሁለቴ አልገባ ካለኝ መርፌውን ወርውሬ የምነሣ። እሷ ደግሞ ምንም ሳትሠራ ሁለት ሰዓት ትቀመጥና «ሥራ በዝቶብኝ ዋለ» ትላለች። ውሸቷንም አይደለም። ሥራዋ መጠበቅ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ባንክ ውስጥ፣ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ ሠርታለች። እናታችን ነገር መርሳት ስትጀምር፣ ምድጃ ለኩሳ መውጣት፣ የራሷን በር አጥታ የጎረቤት ማንኳኳት ስታመጣ፣ እታለም ሥራዋን ለቀቀች። «እቤት ሆኜ የምሠራው አላጣም» አለች። ሁለት ዓመት ተማረች፤ ከዚያ የኋላውን ክፍል ለራሷ አድርጋ፣ ሁለት ስክሪን ተክላ፣ ዩሮና ዶላር መግዛትና መሸጥ ያዘች።

ሰው ሁሉ ቁማር ይለዋል። ከጎናችን ያሉት ጡረተኛ ሹፌር አንድ ቀን በር ላይ አገኟትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቁማር አይደለም?» አሏት።

«እርስዎ ሠላሳ ዓመት ነድተዋል አባባ። አረንጓዴ ሳይበራ አልፈው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ስንቴ!»

«ቁማሩ እሱ ነው» አለቻቸው።

እኔም እያደር ገባኝ። የገንዘብ ገበያ በዓለም ዙሪያ በተራ ነው የሚከፈተው። እኛ ተኝተን ቶኪዮ ይከፈታል፤ ረፋዱ ላይ ለንደን፤ ከሰዓት በኋላ ኒውዮርክ። እታለም የምትነግደው ለንደን ሲከፈት ነው። ጧት ተነሥታ፣ ዋጋው በቶኪዮ ሰዓት እስከየት እንደወጣና እስከየት እንደወረደ ታይና ሁለት መስመር ታሰምራለች፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ወለል። ለንደን ሲከፈት ዋጋው አንዱን ጥሶ ይወጣል። ያኔ ችኩሉ ሁሉ ግር ብሎ ይገባል። እሷ አትገባም። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እጇን አጣምራ ታሳልፋለች፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያ የመጀመሪያው ሩጫ ውሸት ነው፤ ጣሪያውን ጥሶ የወጣው ተመልሶ ወለሉን ይሰብራል። «ሱቅ ሲከፈት ቀድሞ የገባ ሁሉ ገዢ አይደለም» ትላለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ስክሪኑ ሥር ለጥፋዋለች፤ ለእኔ ይመስለኛል።

በቀን አንዴ ብቻ ትገባለች። ኪሳራው ከዚህ እንዳያልፍ የምትለውን መስመር አስቀድማ ታስቀምጣለች፤ ዋጋው እዚያ ከደረሰ በራሱ ያስወጣታል፤ ያን ቀን ሌላ ሙከራ የለም። ግድግዳው ላይ ሦስቱ ከተሞች የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሰዓት በእጅ ጽሕፈቷ ተለጥፏል። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት በሯ ዝግ ነው። ማንኳኳት ክልክል ነው። «ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ ውኃ ድፉበት፣ ከዚያ ትነግሩኛላችሁ» ብላናለች።

እኔ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ እሰፋለሁ። እማ መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ።

እማ ከሰዓት በኋላ ማንንም አታውቅም። እታለም ሰባት ሰዓት ላይ ወጥታ ሾርባ ይዛላት ስትቀርብ፣ እናቴ እንደ እንግዳ ቀና ብላ ታያትና «አይቸገሩ እትዬ፤ ከየት ነው የመጡት?» ትላታለች። የገዛ ልጇን «እርስዎ»። እታለም ማንኪያውን ይዛ «ከዚሁ ነኝ እማ፣ ከጓዳ» ትላለች፤ ትስቃለችም። ማታ ዕቃ ስታጥብ ግን ትከሻዋ ወርዶ አያታለሁ። ለእናቷ ብላ ሥራ ለቀቀች፤ እናቷ ደግሞ ረሳቻት። እንዲያ ነው የምታስበው።

አልረሳቻትም ነበር። እማ በቀን ውስጥ አንድ ጥሩ ሰዓት ነበራት። የጧት መድኃኒቷን ውጣ፣ ትንሽ አሸልባ ስትነቃ፣ ከአራት ተኩል ግድም እስከ አምስት ተኩል ዓይኗ ይጠራል። እኔን በስሜ ትጠራኛለች፤ የምሰፋውን ቀሚስ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ ጠርዝ ጠሟል» ትላለች፤ ደግሞ እውነቷን ነው። ከዚያ ዙሪያዋን ታያለች።

«ትልቋስ?»

«ሥራ ላይ ናት እማ።»

«እንግዲያው አትጥሪያት፤ ትሥራ። ስትወጣ ግን ላኪልኝ።»

እታለም ስትወጣ እማ ሄዳ ነበር። ወንበሩ ላይ አለች፣ ግን የለችም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ፣ የእታለም ገበያ ሲዘጋ፣ ረፋዱን በአስቤዛና በቤተ ክርስቲያን ታሳልፈዋለች።

አንዴ ነግሬያታለሁ። «ዛሬ ጠይቃሽ ነበር» ስላት፣ «አታባብዪኝ፤ ልጅ አይደለሁም» ብላ አፌን ዘጋችኝ። ከዚያ ወዲያ አልነገርኳትም። ሰው ቢጠይቀኝ በሩ እንዳይንኳኳ ያለችው እሷ ናት እላለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይለኝም ነበር። ልጅነቴን ሙሉ «እንደ እኅትሽ ሁኚ» ስባል ነው ያደግኩት። አሁን እማ የኔ ብቻ የሆነችበት አንድ ሰዓት አገኘሁ፤ ለማንም ላካፍል አልፈለግኩም። አምስት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ሰኞ ነገሩ ተገለጠ። ለንደንና ኒውዮርክ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፤ እኛ ደግሞ ሰዓታችንን አንነካም። ስለዚህ አምስት ሰዓት ይከፈት የነበረው ለንደን ድንገት በኛ አራት ሰዓት ይከፈታል። አሜሪካኖቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው ስለሚቀይሩ እታለም የኒውዮርክን አስተካክላ ነበር። የለንደኑ የሚቀየረው እሑድ ነው፤ ያን እሑድ ግን እማን አተኩሷት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ዋልን። ወረቀቱ ሳይነካ ቀረ።

ሰኞ እንደ ልማዷ አራት ተኩል ላይ በሯን ዘጋች። ገበያው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ እሷ ገና ግማሽ ሰዓት የሚቀረው ይመስላታል። ዋጋው ጣሪያውን ጥሷል፤ «ቶኪዮ ዛሬ ምን ነካው?» ብላ መስመሯን ከፍ አደረገች። አምስት ሰዓት ሲሆን እጇን አጣጠፈች፤ የምትጠብቀው የውሸት ሩጫ ግን አልመጣም፤ መጥቶ ሄዷልና። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ገባች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መስመሯ ላይ ደርሶ አስወጣት።

ሕጓ ሕግ ነው፤ ስክሪኑን አጥፍታ ወጣች። አምስት ሰዓት ተኩል አልሞላም። በዚያ ሰዓት ያ በር ሲከፈት ሰምቼ ስለማላውቅ መኪናዬን አቆምኩ።

እማ ዞረች። «ትልቋ!» አለች። «ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? ሥራው ነው?»

እታለም ቆማ ቀረች። አንድ እጇ በሩ ላይ ነው።

«ነይ እንጂ፣ ቁጭ በዪ። ይቺ ልጅ ላኪልኝ ስላት አትልክልኝም።»

እታለም መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ አደረገች። እማ ጸጉሯን እየዳበሰች ስለ አሮጌው ቤታችን አጥር፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ አባታችን ስስት አወራች። ስድስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት። ከዚያ ጣቶቿ ቆሙ። «እትዬ» አለቻት፣ «መሬቱ ይቀዘቅዝዎታል።»

እታለም ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«ስንቴ ነው የጠራችኝ?»

«በየቀኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳት። ደስ ይለኝ እንደነበረም ነገርኳት፤ መደበቁ ከዚህ በላይ ይገድለኝ ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «ባንኳኳሽልኝ» ብቻ ነው ያለችው። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ከጩኸት የሚብስ ነገር እንዳለ ያኔ አወቅኩ።

በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ቶኪዮ፣ ለንደን፣ ኒውዮርክ፤ ከሥራቸው በቀይ እስክሪብቶ «እማ»። ለንደንን ትታ ወደ ኒውዮርክ ተዛወረች፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ቀላል አልነበረም። ኒውዮርክ ሌላ ጠባይ ነው፤ የለንደኑ ልማዷ አልሠራ ብሏት ሦስት ወር ተንገዳገደች፤ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም በጅምላ ተቀብዬ ስሰፋ ከረምኩ። አንድም ቀን አላማረረችም።

ለእማም ደብተር ያዘችላት፣ ልክ እንደ ገበያው። ስንት ሰዓት ነቃች፣ ምን ቀምሳ ነበር፣ ፀሐይ ነበር ወይ፣ መቼ ጠራች፣ መቼ ደፈረሰች። እኔ በአምስት ወር ያላየሁትን በሁለት ሳምንት አየች። እማ ስትነቃ መጀመሪያ የምትጠራን በሞተችው አክስታችን ስም ነው። እኔ ሁልጊዜ «ኧረ እማ፣ እኔ ነኝ!» እያልኩ አርማት ነበር፤ ትደናገጥና ከጥሩው ሰዓቷ ብዙው በዚያ ይባክን ነበር። እታለም አላረመቻትም። በአክስታችን ስም ስትጠራት «አቤት» ትላለች፤ እጇን ትይዛለች፤ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለች። ከዚያ እማ ራሷ፣ ማንም ሳይነግራት፣ «ትልቋ» ትላለች።

«መጀመሪያ የመጣውን ዝም ብለሽ አሳልፊው» አለችኝ። «ማረም ማለት ቸኩሎ መግባት ነው።»

ስቄ «እናቴን ቻርት አደረግሻት» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከታረቅን በኋላ የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

ያ ሰዓት ግን እያጠረ መጣ። ደብተሩ ላይ አርባ ደቂቃ፣ ሃያ አምስት፣ አሥር ይላል። ለንደን ሰዓቱን ወደ ቦታው የሚመልስበት እሑድ ደረሰ፤ እታለም በዚህኛው አልተዘናጋችም፤ ቅዳሜውኑ ወረቀቱን አስተካከለች። ለንደን አምስት፣ ኒውዮርክ ከሳምንት በኋላ አሥር። የእማን መስመር አልነካችውም።

ሰኞ እማ ነቃች። አክስታችንን አልጠራችም። እታለም እጇን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እማ ዙሪያዋን አየች፤ እኔን አየች፤ እታለምን አይታ አለፈቻት። ከዚያ መልሳ ወደ እሷ ዘንበል አለችና፣ ምስጢር እንደምትነግር ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ትልቋስ?»

አፌን ልከፍት ስል እታለም በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ሥራ ላይ ናት እማ» አለች።

«እንግዲያው አይጥሯት፤ ትሥራ። ስትወጣ ግን ይላኩልኝ።»

«እሺ፤ እልክልሻለሁ።»

እማ ረካችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እታለም የእጅ ሰዓቷን ፈትታ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠች፤ የእናቷን እጅ መልሳ ያዘች። እኔ ጨርቄን አጥፌ ወንበሬን ወደ እነሱ ሳብኩ። ያን ቀን ኒውዮርክ ሲከፈት የኋላው ክፍል በር እንደተከፈተ ነበር፤ ሦስታችንም መስኮቱ ሥር ነበርን።