የዱጋሳ ላም

ዱጋሳን ያወቅኩት በካርቶን ነው። ነገሌ ላይ የአባቴን ሱቅ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በዚያ ዝናብ በጠፋበት ዓመት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እየመጣ ባዶ ካርቶን ይጠይቀኝ ጀመር።

«አካም፣ ኢክራም። የብስኩት ካርቶን አለ?»

«ምን ልታደርገው ነው? ፎቅ ልትሠራ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ላሜ ትበላዋለች» አለኝ። «የሳሙናውን ግን አትወደውም፣ ይሸታታል።»

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩበትም።

ከአሬሮ በኩል ነው የመጡት፤ እናቱ አዴ ሎኮ፣ እሱና ታናሽ እህቱ ስንቄ። ከብቶቻቸው አልቀው የቀረችው ያቺ ላም ብቻ ናት። እሷም የዱጋሳ ነበረች። እነሱ ጋ ወንድ ልጅ ሲወለድ ለእትብቱ ብለው ጊደር ይሰጡታል። ትንሽ ልጅም ቢሆን እሱ እሺ ካላለ እናቱም አይሸጧትም።

አንድ ቀን አዴ ሎኮ ሱቃችን በር ላይ ቁጭ ብለው በኦሮምኛ ሲለምኑት ሰማሁ።

«ሳትወድቅ እንሽጣት፣ ዱጋሳ። እህትህ እኮ የምትበላው የላትም።»

«ዝናቡ ደርሷል፣ አዮ» አላቸው፣ ሰማዩን እያየ። «ትንሽ ጠብቂኝ።»

ጠበቁት።

ስንቄ ስትታመም ዱጋሳ ራሱ «እሺ፣ እንሽጣት» አለ። ጠዋት ገበያ ሊወስዷት ሲሉ ግን ላሟ አልተነሳችም። በእግሯ ከብት ተራ ያልገባችን ላም ማን ይገዛል? ጎረቤት ተሰብስቦ በጭራዋ ይዞ ቢያነሳት ጉልበቷ ታጠፈ። ዱጋሳ ካርቶን እየቀደደ አፏ ሥር ያስቀምጥላት ነበር። በዚያው ቀን ሞተች።

ስንቄ ትንሽ ሲሻላት ወደራ የምትባል ከተማ ሰው ቤት ተላከች፣ ልጅ ልትይዝ። እሷ ራሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መኪና ላይ ስትወጣ ዱጋሳ አልሸኛትም፤ እኛ ሱቅ ጀርባ ተደብቆ ነበር።

«ቶሎ እሺ ብል ኖሮ አትሄድም ነበር» አለኝ።

ብስኩት ሰጠሁት፣ አልበላውም። ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ትምህርት ቤት አይሄድም። በከብት ተራ በኩልም አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው። እኔ ካርቶኖቹን መጣል አቅቶኝ አሁንም እደረድራለሁ።

ነገሌ የምትመጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ወደ ወደራ መውጫው ላይ ነው ቤታቸው፣ ሸራ የለበሰችው። አዴ ሎኮ ብትሉ ያሳዩአችኋል። ዱጋሳ ፊት ስለ ላም አታንሱ። ስንቄ ማን ቤት እንዳለች እናቷ ይነግሯችኋል፤ በወደራ የምታልፉ ከሆነ እሷንም እዩልኝ። ወንድሜ ያልሸኘኝ ጠልቶኝ ነው ብላ እንዳታስብ ንገሩልኝ።